ባዶ ኮርቻ

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ለልጆች የሚሆን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ፕሮፖዛል አምጪ» ሲለኝ፣ ከደስታዬ ይልቅ ግራ መጋባቴ በለጠ። እንጅባራ ውስጥ የሥዕል መምህርት ነኝ። መሣሉን እችልበታለሁ፤ ጥያቄያቸውን መመለስ ግን ሌላ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? በየክፍሉ ምን ይፈልጋል? ምን ያስተምራል? የኔ ገጸ ባሕርይ ፈረስ ነው። ፈረስ ምን ይፈልጋል? ሣር ነዋ! ሣር ብዬ ጻፍሁና አፍሬ ሰረዝሁት። ከባልደረባዬ ላፕቶፕ ተውሻለሁ፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ እሱም መልሱን አይጽፍልኝ። የጻፍሁትን ባነበብሁት ቁጥር ይባስ ይዞርብኝ ጀመር።

ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፈረሱን ከነሙሉ ጌጡ በውሃ ቀለም ሣልሁት፤ ኮርቻው ላይ ግን ማንንም አላስቀመጥሁም። የሚያየው ልጅ ሁሉ «ይህ የኔ ቦታ ነው» እንዲል ብዬ ነው። በራሴ ኮራሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ ለአባቴ ላሳያቸው ሮጥሁ። አባቴ በጉልምስናቸው በጉግስ ስማቸው የሚነሣ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ካምና ጀምሮ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለው ገጠር መጥተው እኔ ዘንድ ይኖራሉ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ማን ሙቶ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም አባዬ! የልጆች ፊልም ነው።»

«ታዲያ ባለቤቱ የት ሄደ?»

ክው አልሁ። በኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ እንዲህ አጊጦ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ በለቀስተኛው መሀል ይሳባል። ልጅ ሳለሁ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! እንዴት ተሰወረብኝ? ለሕፃናት የለቅሶ ፈረስ ልልክላቸው ነበር። የተማርሁትን ትምህርት ረገምሁ።

«አሁኑኑ ልጅ አስቀምጥበታለሁ» ብዬ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«ለነሱ ሌላ ሣይላቸው። ልጅም ይቀመጥበት፣ ይሣቅበት። ይህን ግን ለኔ አኑሪልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ፈረሴን ወዳንቺ ስመጣ ሸጨዋለሁ። ቀኔ ሲደርስ የሚሳብልኝ የለም።»

ፈረሱ አጎቴ ዘንድ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ልቆጣቸው አማረኝ፣ ላለቅስም አማረኝ፣ የቱን እንደማስቀድም አላወቅሁም። እሳቸው ግን ስለ ገበያ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነበር። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የፈረሱን ግንባር በጣታቸው ነኩት።

«የኔው እዚህ ላይ ነጭ ነበረው» አሉ። «ጨምሪበት።»

ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከርሁት። እጄ እምቢ አለኝ።