የጃፓኑ መድኃኒትና የአያቴ ሕግ

አያቴ እህል የጠሉ ጊዜ ቤታችን ጭር አለ። ድሮ ከማኅሌት ሲመለሱ ገና ከበሩ “ምን አላችሁ?” የሚሉት ሰው፣ ጥቂት ቀምሰው ሳህኑን ይገፉት ጀመር። ሆዳቸው ይነፋል። ሐኪም ቤት ሄደው ክፉ በሽታ አልተገኘባቸውም፤ የታዘዘላቸውን ክኒንም ጨርሰዋል፤ ምግቡ ግን አልወርድ አለ። ሥርና ቅጠል ቀምመው የሰፈሩን ሰው ሆድ የሚያክሙት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸውን አልቻሉም። ትከሻቸው ከመክሳቱ የተነሣ ነጠላቸው አልቆም ሲል አየሁና፣ አያቴን ሳላበላማ አልቀርም አልሁ።

እናቴ ከምታስተምርበት ኮሌጅ አንዲት ጃፓናዊት መምህር አለች፤ እኛው ሰፈር ሹም አቦ ተከራይታ ነው የምትኖር። የአያቴን ነገር ስትሰማ፣ በአገሯ የምግብ ፍላጎቱ ለተዘጋ ሰው ከምግብ በፊት በሙቅ ውሃ የሚጠጣ፣ ከሥራሥር የተቀመመ ዱቄት እንዳለ ነገረችን። ሐኪሙ ሳያየው እንዳይጠጡት አጥብቃ አስጠነቀቀች። ሐኪሙም አይቶ ይሞክሩት አለ።

እኔ ታዲያ ምን ምን እንዳለበት ጠይቄ፣ እንደ ፈተና በቃሌ ይዤ፣ እየሮጥሁ መጣሁ። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በጥብጬ አያቴ ፊት ቆሜ ደረቅ ዝንጅብል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ጂንሰንግ የሚሉት ሥር እያልሁ ዘረገፍሁት። ብርጭቆውን ሳይነኩት መለሱልኝ።

“ስሙ ተጠራ እኮ! ስሙ የተጠራ መድኃኒት ምን ኃይል ይቀረዋል? አሁንማ ወጥ ነው።”

በእሳቸው ሕግ መድኃኒት በማለዳ ይመጣል፤ የሚያመጣው ሰው በመንገድ ከማንም አይነጋገርም፤ ምን እንዳለበትም በሽተኛው አይሰማም። እናቴ ተቆጣች። እኔ ግን ቁጣ አያቴን አያበላልኝም፤ ሕጉን ጠብቄ ሌላ ባመጣስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እስቲ አፍሽን ዘግተሽ ስትሄጅ እንይ” ብለው ሳቁ። አፌ እንደማይዘጋ አገር ያውቃል።

መምህርቷ ሌላ ዓይነት ነበራት። እናቴ ብቻዋን ሄዳ አነጋገረቻት፤ ለሐኪሙም አሳየችው። እኔ አንድም ነገር አልጠየቅሁም። በማግስቱ ማለዳ ስሄድ መምህርቷ በሩን ከፍታ፣ ልማዷ ነውና፣ ልታስረዳኝ ስትጀምር ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንሁ። ሳያስረዱ መስጠት ለእሷ ነውር እንደሆነ ከፊቷ አየሁ። ኋላ ግን ሳቀችና እሷም አፏን በእጇ ያዘች።

ከባዱ መመለሻው ነበር። ሹም አቦ ላይ እንዴት አደራችሁ ሳይሉ ማለፍ ቀላል አይደለም። አትክልት የምትሸጠው ጎረቤታችን ከቆጋ መስኖ የመጣላትን ድንች እያራገፈች ሰላም አለችኝ። ዝም አልሁ።

“ምነው እሜቴ፣ ምላስሽን ለባሕሩ ዓሣ አበደርሽው?”

እርምጃዬን አፈጠንሁ። ለደንበኛዋ፣ ይች ልጅ ትምህርቱ ገፋ ሲልላት እኛን ናቀችን ስትል ሰማሁ። የመጣልኝን መልስ ዋጥሁና ሄድሁ። በራችን ላይ ደግሞ አያቴ ራሳቸው ቆመው “ቀናሽ?” አሉኝ። አልመለስሁላቸውም። አልፌያቸው ገብቼ ውሃ ጣድሁ።

ብርጭቆውን ተቀብለው ምን እንዳለበት ጠየቁኝ።

“አላውቅም፣ አባባ።”

“እውነት?”

“እውነት።”

ጠጡት። አጣጣሙና “ይኸ መቼም ዝንጅ…” ብለው ጀምረው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ያን ቀን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቅር ቢለኝም በየማለዳው ሄድሁ። እናቴ ነገሩን ነግራት ኖሮ፣ ጎረቤታችን ራሷ “ለመድኃኒት ነው፣ አታናግሯት” እያለች መንገዱን ታስከብርልኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እንዳይገፉት ብዬ የዓሣ መረቁን ጥቂት ብቻ ቀድቼ አቀረብሁላቸው። ጨረሱት። ሳህኑን ዘንበል አድርገው አዩት።

“ለድመት ነው እንዴ የቀዳሽው?”

እናቴ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጓዳ ገባች። መድኃኒቱ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ ዝምታዬ ይሁን እኔ አላውቅም። ድስቱን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥሁና እስከ ታች ጨለፍሁላቸው።