ሦስተኛው የምስክር ወረቀት

ልጄ ሦስተኛውን የምስክር ወረቀት ልማር ወይስ ይቅርብኝ ብላ የጠየቀችኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። እኔ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ አባቴ ሲሞት ከቄስ ትምህርት ቤት አውጥተው ሞፈር አስያዙኝ። እርሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። በዚያ ላይ ፕሮጀክት ማኔጅመንት የሚሉትን ሙያ የሚመሰክሩላት ሁለት ወረቀቶች አሏት። ሙያው ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ አንድን ሥራ ጀምሮ በተባለው ቀንና በተባለው ወጪ መጨረስ ነው አለችኝ። «ታዲያ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ምን ይሠራል?» ብላት ሳቀችብኝ።

ነገሩ ወደ እኔ የመጣው የመማሪያው ክፍያ ስላልነበራት ነው። ያለችን ድብ ባሕር ገጠር ያለችው መሬት ብቻ ናት። ጉልበቴ ከዛለ ወዲህ እኔ ጎንደር ከልጄ ጋር በኪራይ ቤት እኖራለሁ፤ መሬቷን የቀድሞ ጎረቤቴ በእኩል ያርሳታል፣ የምንበላውንም እህል እርሱ ይልክልናል። ለትምህርቱ ብለን በኮንትራት ብንሰጣት ገንዘቡ ባንዴ ይገኛል፤ እህሉ ግን ለብዙ ዓመት ይቀራል። ልጄ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ለዚህም ነው ስትጠይቀኝ ዐይኔን ማየት ያቃታት።

ከዚያ በፊት በመካነ ብርሃን በኩል ምንጭ የሚያጎለብት ድርጅት ቀጥሯት ነበር። ከላይ የተላከው የሥራ ሰሌዳ በየቀኑ ቁፋሮ ይላል። በዚያ አገር ደግሞ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም ዶማ የሚያነሳ ሰው የለም። ከእርሷ በፊት የነበረው ኃላፊ ሕዝቡ ሰነፍ ነው ብሎ ሪፖርት አድርጎ ሄዷል። እርሷ ከደብሩ ቄስ ጋር ተቀምጣ ሰሌዳውን እንደ አዲስ አወጣችው። በዓል ሲሆን ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ታደርጋለች፣ በሥራ ቀን ታስቆፍራለች። ውሃው ወጣ። ሥራው ሲያልቅ ድርጅቱ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ የምታመለክትበት ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት፦ ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ያለው ይመረጣል።

አንድ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በስልኳ የፈተና መለማመጃ ትሠራ ነበር።

«አባዬ፣ ይችን ይስሙኝ» አለችኝ። «ሠራተኞች በተመደቡበት ቀን ሥራ ቦታ አልመጡም። መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ይላል።»

«የማን በዓል ነው?» አልኋት።

ሳቋን ለቀቀችው። «እኔም እኮ እሱኑ ነው ያልሁት። ምክንያቱን ጠይቄ ቀኑን አዛውራለሁ የሚለውን መረጥሁ። ተሳስተሻል አለኝ።»

«ምነው? ትክክሉ የቱ ሆኖ ነው?»

«ያለ በላይ ፈቃድ ሰሌዳ አይነካም። መጀመሪያ መዘግየቱን ጽፎ ለበላይ ማሳወቅ ነው።»

«ቄሱስ?»

«ቄሱ ምርጫው ውስጥ የሉበትም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ቆይታ ግን ስልኩን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ውሃ ያወጣችበት ብልሃት ነው ስሕተት የተባለባት። ፈተናውን ለማለፍ ያንን መርሳት አለባት፤ ለመርሳትም መሬት ልናከራይ ነው። ይህን አሰብሁና ደሜ ፈላ። ማንን እንደምቆጣ ግን አላወቅሁም።

ወንድሜም ትዝ አለኝ። ታላቄ ነው፤ በልጅነቱ በቤተ ክህነት ትምህርት ወጣ። ጾመ ድጓ አስመሰከረ፣ ከዚያ ቅኔ፣ ከዚያ አቋቋም። የእነርሱ ማስመስከር መምህሩ በጆሮው ሰምቶ፣ ሊቃውንቱ ሰምተው ነውና ሐሰት የለበትም። አንድ ደብር ሊያገለግል ቢመጣ ግን ቦታው ለአለቃው ዘመድ ተሰጥቶ ጠበቀው። «አንድ ትምህርት ደግሞ ጨምረህ ና» ብለው ሸኙት። ጨመረ። ሲመለስ አሁንም ጨምር አሉት። ሽበት ወጥቶበት፣ በተማሪ ጎጆ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ልጄ ይህን ታሪክ ታውቃለች፤ ስለዚህ ደግሜ አልነገርኋትም።

በመጨረሻ ማሠልጠኛው ድረስ ሄደን እንጠይቅ ተባባልን። እርሷ ወደ ቢሮው ስትገባ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ዘበኛው ጎልማሳ ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«አያ፣ ይቀመጡ፤ ፀሐዩ ከባድ ነው። ልጅዎ ናት?»

«አዎ። ሦስተኛውን የምስክር ወረቀት ልትጀምር ነው።»

«ሸጋ ነው» አለ። አባባሉ ለቅሶ ቤት ገብቶ እግዚአብሔር ያጥናችሁ እንደሚል ሰው ነበር። «እኔም ሁለቱ አሉኝ። ሦስተኛውን እየተማርሁ ነው።»

«አንተ? ታዲያ እዚህ በር ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ለሠራተኛ ቅናሽ አለው፣ አያ።»

ይቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። መኪና መጣና በሩን ሊከፍት ሄደ።

ልጄ ስትወጣ ከእርሱ ጋር በስም ተጠራርተው ሰላም ተባባሉ። ለካ ሁለተኛውን አብረው ነው የተማሩት። ትንሽ እንደሄድን ጠየቅኋት።

«ይህን ስትጨርሽ ከበላዩ ሌላ አለ?»

«አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያም አለ። የያዝሁትም ቢሆን በየጊዜው እየከፈልሁ ካላሳደስሁት ይሞታል።»

«ወረቀት ይሞታል?»

«ይሞታል፣ አባዬ።»

ታክሲው ጋ ስንደርስ «አልማርም ብል ያዝኑብኛል?» አለችኝ።

«መሬቷ ያንችም ናት» አልኋት። «እማራለሁ ካልሽ በኮንትራት እንድንሰጣት ነገ ለጎረቤታችን እደውላለሁ።»

«አይደውሉ» አለች።

በዚሁ ተቆረጠ። የማዝን መስሏት ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም አላወቅንም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሥራ ገባች። ከገባች ብዙም ሳትቆይ እዚሁ ጎንደር ሥራ ወጣ፤ ልክ እርሷ የሠራችው ዓይነት የምንጭ ሥራ ነው። ማስታወቂያውን ከስልኳ አነበበችልኝ። ሦስተኛው ወረቀት ግዴታ ነው ይላል። አንብባ ስትጨርስ፣ ሱቁ እንዳይረፍድባት ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ትክክል አደረግን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላውቅም። ብትማርስ ሌላ ነገር አይጨምሩባትም ነበር? ይህንንም አላውቅም። የደላው ሰው ሞክሮ ያየዋል። እኛ መሞከሪያችን የምንበላው እህል ነበር።

በመከር ገብሱና ጤፉ በአይሱዙ መጣ። ዘንድሮ አዝመራው ደህና ነው። ልጄ ሱቅ ውስጥ ሲሚንቶ ማንሳት ለምዳ ጆንያውን ያለ ሰው እርዳታ ከመኪናው ተቀብላ ስታስገባ ደጃፉ ላይ ሆኜ አየኋት። «ሰው ልጥራልሽ» ብላት «ተዉት፣ ለምጀዋለሁ» አለችኝ። መልመዷ ነው ያቃጠለኝ።