ጭቃ ለመርገጥ ወደ ሄልዊክ ቦይ

ውኃን በእፍኙ የሰፈረ፣ ምድርንም በውኃ ላይ ያጸና አምላክ ስሙ በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ፈቃድ፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ከለንደን ተነሥቼ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ላይ ወደምትገኝ ሄልዊክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። የሄድሁበትን ምክንያት፣ በመንገድ ያየሁትንና በዚያ ያጠፋሁትን ሳላስቀር ለአንባቢ ጽፌአለሁ።

ነገሩ የመጣው በአቶ ተስፋይ በኩል ነው። አቶ ተስፋይ የአስመራ ተወላጅ፣ በሃይማኖቱ ካቶሊክ፣ በሥራው በቶተንሃም የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አማርኛውን በትምህርት ቤት ስለተማረው ከብዙዎቻችን ይልቅ የጠራ ነው። ዓመታዊ ፈቃዱን ሲወስድ፣ ሌላው ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ፣ እርሱ ወደ ሄልዊክ እየሄደ በነጻ የፈረሰ ቦይ ይቆፍራል። እኛም «ዕረፍት ሲሰጡት የሚደክም ሰው» እያልን እንስቅበት ነበር። በዚያ ዓመት በአርችዌይ ወዳለችው ክፍሌ መጣና፣

«መምህር፣ ጭቃ መርገጥ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ ስንት ጎጆ በእግሬ አቡክቼ እንደሠራሁ ልቁጠርልህ?»

«እንግዲያውስ ይነሡ። እዚያ የጠፋው እንዲህ ያለ እግር ነው። የእኔ እግር ፍሬን ከመርገጥ በቀር ሌላ አልተማረም።»

ደርግ ከመጣ በኋላ ከአገሬ ወጥቼ ለንደን ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። አርባ ዓመት ዜማና ቅኔ ያስተማረ ሰው፣ በየሳምንቱ በድጎማ ቢሮ ከመሰለፍ በቀር ሥራ አጥቶ መቀመጡ ከብዶኝ ነበርና እሺ አልሁ።

ሰኞ፤ መንገድ

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከዩስተን ጣቢያ ተነሣን። አቶ ተስፋይ በባቡሩ ውስጥ በሃያ ሁለት ፔንስ ሻይ ገዝቶ ጠጣ፤ እኔ ግን ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ በመስኮት ተመለከትሁ። ከለንደን ርቀን ጥቂት እንደሄድን የጡብ ቤቱ አልቆ የታጨደ የገብስ ማሳ መጣ፤ ሰማዩም ደመና ነበረበት። አንድ ጊዜ ባቡር ቀይረን ሽሮስበሪ ደረስን፤ ከዚያም ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ መንገድ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦ የታጠረ ነው። በቁጥቋጦው ክፍተት በጎች ይታያሉ። ወደ ድንበሩ በቀረብን መጠን የመንገድ ምልክቱ በሁለት ቋንቋ መጻፍ ጀመረ።

ሄልዊክ አንድ ዋና መንገድ ያላት ከተማ ናት። የሱፍ ፋብሪካዋ ተዘግቷል፤ የባቡር ጣቢያዋ የእንጨት መጋዘን ሆኗል፤ ባንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል። በስተጀርባዋ ቦዩ አለ። በአያቶቻቸው ዘመን ፈረስ እየጎተታቸው ኖራና የድንጋይ ከሰል የሚጭኑ ጀልባዎች ይመላለሱበት ነበር አሉ። በኋላ ዳርቻው ተደርምሶ ውኃው ፈሰሰ፤ የሚጠግነውም ጠፋ። እኛ በደረስን ጊዜ ከታደሰው ጥቂት ክፍል በቀር ሳማና የአኻያ ዛፍ በቅሎበት፣ አሮጌ ብስክሌትም ተጥሎበት ነበር።

ያሳደረችን ወይዘሮ ግዌን የምትባል ባልቴት ናት። በቦዩ ዳር ሻይ ቤት አላት። የአባቷን የእህል መጋዘንም ጀልባ ይዘው ለሚመጡ እንግዶች ማደሪያ ልታደርገው ግማሹን ጠግናለች። ቦዩ ካልተከፈተ ግን ሁሉንም ዘግታ ልጇ ወዳለችበት ወደ በርሚንግሃም ለመሄድ ቆርጣለች። የከተማይቱ ምክር ቤት በበኩሉ ቦዩን በአፈር ደፍኖ መንገድ ሊያሰፋበት አስቧል። ይሁን እንጂ እንደ አቶ ተስፋይ በነጻ የሚሠሩት ሰዎች ያደሱት ክፍል ውኃ ይዞ ሲቆም የምክር ቤቱ ሹም ዓርብ ጧት መጥቶ በዓይኑ ካየ፣ ምክር ቤቱ ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል ተነግሯቸዋል። የሹሙ ጽሑፍ ማክሰኞ በጉባኤ ይነበባል። እንግዲህ የዚያች ሴት ቤት፣ ከእርሷም ጋር የብዙ ሱቆች ዕድል፣ በአንድ ጧት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ፤ ሥራው

የሥራው አለቃ ሚስተር አርተር፣ አባቱ የጀልባ ሰው የነበረ፣ ሰባውን ያለፈ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ሥራውን በአቶ ተስፋይ አስተርጓሚነት አስረዳኝ። የቦዩ መሬት ውኃ እንዳያሰርግ በሸክላ አፈር ይለበጣል። አፈሩ በአካፋ ይከተፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እንደ ሊጥ እስኪላላ ድረስ በእግር ይረገጣል። ስንዝር የሚያህል ንጣፍ ከተረገጠ በኋላ ሌላ ይደረብበታል፤ ሦስት ንጣፍ ሲሆን ይበቃል። «ድንጋይና የዛፍ ሥር እየለቀማችሁ አውጡ» አለን።

ጫማዬን አውልቄ ስገባ ሚስተር አርተር ቆሞ አየኝ።

«ምን ይላል?» ብዬ አቶ ተስፋይን ጠየቅሁት።

«‹ይህ ሽማግሌ ሲረግጥ ይዘፍናል እንዴ?› ይላል።»

«ዘፈን አይደለም፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው በለው።»

«ብያለሁ። ‹ታዲያ ትንሽ ያፍጥነው› ይላል።»

እንዲህ እየተሳሳቅን ሁለቱ ቀኖች አለፉ። ጥፋቱ የደረሰው ረቡዕ ነው። በሰባት ሰዓት ሁሉም ለምሳ ወደ ወይዘሮ ግዌን ሄዱ። እኔ የጾሙ ሰዓት ስላልደረሰ ብቻዬን ቀረሁ። ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ስጨርስ ተነሥቼ የረገጥነውን ጭቃ ተመለከትሁት። በዓይኔ ራቁቱን ሆኖ ታየኝ። በአገራችን ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭቃን የሚያስተሳስረው ጭድ ነው። እነዚህ ሰዎች ይህን ባያውቁ ነው እንጂ አልሁ። በአጠገቡ ካለው ከታጨደው ማሳ ዳር የወደቀ ጭድ በጆንያ ሦስት ጊዜ አመላልሼ፣ ከትልቁ አኻያ እስከ ድልድዩ ድረስ በትኜ፣ አጥብቄ ረገጥሁት። ሰዎቹ ሲመለሱ ጭድ አይታይም ነበር። ጠንክሬ እንደሠራሁ አይተው አመሰገኑኝ፤ የመጨረሻውንም ንጣፍ በላዩ ደረቡበት። ለመናገር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ቸርነቴን ሳልናገር ልተወው ብዬ ዝም አልሁ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከትዕቢት እንደማይለይ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ሐሙስ፤ ዘጠኝ ሰዓት

በማግሥቱ ጾሜን ልፈታ በወይዘሮ ግዌን ቤት ድንችና ጎመን ቀርቦልኝ ተቀመጥሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ውኃውን የሚያግደው የላይኛው በር ተከፍቶ ውኃ ሊለቀቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሚስተር አርተር ሻዩን እየጠጣ ስለ አባቱ ያወራ ጀመር።

«አባቴ ጭቃ ውስጥ አንዲት የሣር ዘንግ ካየ በጥፊ ይለን ነበር» አለ። «ሣሩ አሁን ምንም አያደርግም። በዓመት በሁለት ዓመት ይበሰብስና በቦታው ቀጭን መንገድ ይተዋል። ውኃ ደግሞ መንገድ ፈልጎ አጥቶ አያውቅም።»

አቶ ተስፋይ ሲተረጉምልኝ ሳህኑን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ። ወደ ውጭ ጠራሁትና ያደረግሁትን ነገርሁት።

«ጭድ? ስንት ጭድ?» አለ።

«ሦስት ጆንያ።»

ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «መምህር፣ ይስሙኝ። ማንም አላየም። ነገ ሰውየው መጥቶ ቼክ ያደርጋል፣ ውኃው ቆሞ ያያል፣ ጥሩ ሪፖርት ጽፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በቀስታ እናስተካክለዋለን።»

«ውኃ ከገባበት በኋላ እንዴት እናስተካክለዋለን?»

«ለከርሞ እኔ ራሴ መጥቼ...»

«ተስፋይ፣ ሰውየው ‹ይዟል› ብሎ ሲጽፍ የሐሰት ምስክር ያደረግነው እኛ ነን። በዜማ ቤት መምህር የሳተውን ቃል ሳያርም ካለፈ ተማሪው ይወስደዋል፤ ተማሪውም ለተማሪው ያወርሰዋል። መታረም ያለበት ከአፍ ሳይወጣ ነው።»

«እሷስ? ቤቷን ስትዘጋ ምን ሊሏት ነው? ‹ኅሊናዬ ንጹሕ ነው› ሊሏት ነው?»

ቃሉ እስከ ዛሬ ይወጋኛል። ቢሆንም ወደ ውስጥ ገብቼ፣ ቆሜ፣ «ተርጉምልኝ» አልሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ።

ሚስተር አርተር ሲኒውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ግዌን፣ «ከየት እስከ የት?» አለች።

«ከአኻያው እስከ ድልድዩ፤ ሃያ እርምጃ።»

ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ወረወረችና ወጣች። የተቀየመች መሰለኝ፤ በእውነትም ተቀይማ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቆይታ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ አካፋ ይዛ ተመለሰች። «እርስዎም ይነሡ እንጂ!» አለችኝ። ውኃው አልተለቀቀም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የሠራነውን ስናፈርስ ዋልን።

ዓርብ፤ የሹሙ መምጣት

ሹሙ በአራት ሰዓት ደረሰ። ረዥም፣ መነጽር ያደረገ፣ ወረቀት የታጠቀ ሰው ነው። ከቀበሌ ዘመን ጀምሮ መዝገብ የያዘ ሰው ሲመጣ ከሰው ኋላ እቆማለሁ፤ የሚጽፈው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና። ሰውየው በድልድዩ ላይ ቆሞ ደረቁን ቦይና ክምሩን ጭቃ ተመለከተ።

«ውኃው የታለ?» አለ።

«ጭቃው በስሕተት ስለተረገጠ አውጥተነዋል» አለች ወይዘሮ ግዌን። ማን እንዳጠፋ አልተናገረችም።

ወደ ፊት ወጣሁና ባለችኝ ጥቂት እንግሊዝኛ «እኔ ነኝ። ጭድ ጨመርሁበት» አልሁት።

«ጭዱ ይታይ ነበር?»

«አይታይም ነበር» አለ ሚስተር አርተር። «ውኃም ይይዝ ነበር። ባንነካው ኖሮ ዛሬ ሞልቶ ታየው ነበር።»

«ታዲያ እንዴት አወቃችሁ?»

«ራሱ ነገረን።»

ሹሙ ረዥም ጊዜ ጻፈ። በመጨረሻም፣ «ውኃ ሳላይ ውኃ አየሁ ብዬ መጻፍ አልችልም» ብሎ ተሰናብቶ ሄደ። ወይዘሮ ግዌን መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆመችና ወደ ቤቷ ገባች። ተከትሎ የሚያጽናናት አልነበረም። እኛም ሥራ ፈትተን ከምንቀመጥ ብለን እንደገና መርገጥ ጀመርን። የዚያን ቀን አልዘመርሁም።

ቅዳሜ፤ መመለስ

ጧት ተነሥተን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ዩስተን ስንወርድ አቶ ተስፋይ፣ «መምህር፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልሁት። ተሳልመን ተለያየን፤ ማታ አርችዌይ ገባሁ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አቶ ተስፋይ ደብዳቤ ይዞ መጣና ቆሞ አነበበልኝ። ወይዘሮ ግዌን እንዲህ ትላለች። የሹሙ ጽሑፍ በጉባኤ ተነቧል፤ ውኃ እንዳላየ ጽፏል። ጨምሮም፣ እነዚህ ሰዎች ማንም ያላየውን ስሕተት አፍርሰው እንዳወጡ ስላየ፣ የቀረውን ሥራቸውን ሳይቆፍር እንደሚያምን ጽፏል። ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮ ቦዩን መድፈን እስከ ፋሲካ ድረስ አቆይቶታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። እርሷም ወደ በርሚንግሃም መሄዷን እስከዚያው ትታለች። አኻያው ሥር ያለው ክፍል እንደገና ተረግጦ፣ ውኃ ገብቶበት፣ ይዟል።

«በእርስዎ ላይ ሁለት ሳምንት ተቆጥቼ ነበር» ትላለች በመጨረሻ። «አሁን ትቼዋለሁ። ለከርሞ ይምጡ፤ ነገር ግን በምሳ ሰዓት ብቻዎን አንተውዎትም።»

አቶ ተስፋይ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው። በአገሬ ቤት የሚያቆም ዕውቀት በሰው አገር ቦይ ሊያፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ይልቅ አብዝቶ ሊጠይቅ ይገባዋል። ተማሪዎቼን «ሳትጠይቅ አትዝለል» እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ እኔ፣ ይህን በሰባ ዓመቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ተማርሁት። እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁልጊዜም ከፋዩ ተናጋሪው ብቻ አይደለም። ይህን ማወቄ ደስ አላሰኘኝም፤ ግን ለከርሞ እሄዳለሁ።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ይህን ያነበብሽ እኅቴ፣ የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። የቤታችሁን መሠረት ያጽናላችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። በተሳሳታችሁ ጊዜ የሚነግራችሁን ሰው፣ ተነግሯችሁም የምትሰሙበትን ልብ ከማዕዳችሁ አያርቅባችሁ። አሜን።