ስም ያልተሞላበት ደብዳቤ

ደብዳቤው የመጣልኝ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የሳሙና ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል ነው። በስቴንስል የተባዛ ነበር። «ክቡር ጓድ» ይልና ስም የሚሞላበት ነጠብጣብ ይከተላል፤ ነጠብጣቡን የሞላው የለም። ከዚያ «በየሳምንቱ የሚያቀርቡትን ጽሑፍ በጥሞና እንከታተላለን፤ በብስለትዎም እንኮራለን» ይላል። ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ነገር እኔ ሴት ነኝ። ሁለተኛ፣ የእኔ ጽሑፍ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ናዝሬት፣ በቀበሌያችን ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አዲስ አበባ ተቀምጦ እሱን የሚያነብ ሰው ዓይኑ ምን ዓይነት ቢሆን ነው?

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የቀበሌው ማንበቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የግድግዳ ጋዜጣ ማዘጋጀትም የእኔው ሥራ ነው። የወረቀቱ ላይኛው ክፍል የመፈክርና የዘመቻ ዜና ስለሆነ የተላከልኝን እገለብጣለሁ። የታችኛዋ ጥግ ግን የራሴ ነበረች። ስኳርና ሳሙና ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ተራው እስኪደርስ ያነባታል፤ ከፊቱ ሌላ የሚያየው ነገርም የለው። ሂስ ይበረታታል ይባል ስለነበር የትኛው ሸቀጥ እንደማይረባ እጽፋለሁ። በዚያን ጊዜ ሰው ከመሄስ ሳሙና መሄስ ይሻል ነበር። የናዝሬት ነፋስ እንዳይገነጥለው የዱቄት ሙጫውን ሳልሰስት እለቀልቀዋለሁ።

ወሬው ደርሶት ፋብሪካውን ያስቆጣው ስለ አንዲት ጎረቤቴ የጻፍኩት ነው። ከአርሲ የመጡ፣ የሰው ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ከእጃቸው በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አንድ ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ስጠይቃቸው «ነጋ»፣ ደህና፣ አሉኝና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ተልጧል። በጣቶቻቸው መሐል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ውሃ ቋጥሯል። «አዲሱ ሳሙና ነው» አሉኝ። በጣም ተናደድኩና የዚያኑ ዕለት ጻፍኩት። ማንነታቸውን አልገለጽኩም ብዬ ነበር፤ ግን ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ፣ የአንድ ሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ እናት ብያለሁ። ቆዳው እንዴት እንደተነሳ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከለጠፍኩት በኋላም እንደ እንግዳ ሰው ሰልፉ መሐል ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ደብዳቤው በገባ በሳምንቱ ላኪው ራሱ፣ የፋብሪካው የሽያጭ ሰው፣ ካኪ ሳፋሪውን ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ማንበቢያ ክፍሉ ድረስ መጣ።

«የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅ የታለ?»

እኔ ነኝ አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አንቺ ነሽ እንዴ!» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በደብዳቤው ክቡር ነበርኩ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቺ ሆንኩ።

ስድስት ፍሬ ሳሙና አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። ቅዳሜ ለተባባሪ ጓዶች ሶደሬ ላይ መዝናኛ ተዘጋጅቷል፣ መኪና መጥቶ ይወስድሻል አለኝ። ከዚያ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አቀበለኝ።

«ይቺን ብቻ ገልብጠሽ ለጥፊልን። የበፊቱ በስህተት የወጣ ነው ትላለች።»

«የበፊቱን አንብበውታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ግድግዳው እኮ እዚሁ ነው። ሲገቡ አጠገቡ ነው ያለፉት።»

«ለንባብ አልመጣሁም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ በጥሞና እንከታተላለን ያሉት የማንን ነው?»

ሳቀ። «እሱ ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ ነው፤ ምን ታካብጂዋለሽ?»

«ለሁሉም ከሆነ ሁሉም ይመልስልዎት» አልኩትና ሳሙናውን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። ለቀበሌው ሊቀመንበር እንደሚናገር ነገረኝ። «ይናገሩ» አልኩት። «አንዲት ፊደል አልነቅልም። ይልቅ ሄደው እጃቸው የተላጠውን ሴት ይጠይቁ።»

በሩን አላትሞት ወጣ። ጋሪ ጠርቶ ሲሄድ በመስኮት አየሁት፤ በግድግዳው አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ያን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም።

ያሸነፍኩ መስሎኝ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበር የሚሆኑት፤ ያን ቀን ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። መዘፍዘፊያው ሳፋ ደርቆ ግድግዳ ተደግፏል። ሰውየውን እንዴት አድርጌ እንዳባረርኩት፣ ሳሙናውንም እንዴት እንደመለስኩለት አንድም ሳላስቀር አወራሁላቸው።

«ሆቴሉ አንሶላውን ወሰደብኝ» አሉ።

«ለምን?»

«እጇ በሽታ አለበት ብለው ነዋ። ወረቀቱን ያነበበ ሰው ነግሯቸው። እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ፤ ምን እንደተጻፈብኝ የሰማሁት ከሆቴሉ ዘበኛ ነው።»

«እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እኔ ያሳየሁሽ ቅባት ይኖርሻል ብዬ ነው። መች ጠየቅሽኝ?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቢላዋ ይዤ ወደ ግድግዳው ተመለስኩ። ሙጫው ደርቆ ከግንቡ ጋር አንድ ሆኗል፤ ጥፍሬንም ጨምሬ እስኪደማ ድረስ ፋቅሁት። ሰልፈኛው ሊቀመንበሩ ያዘዘኝ መስሎት በአዘኔታ ያየኝ ነበር። ከዚያ ሆቴሉ ሄድኩ። ኃላፊው ቆሞ ሰማኝና በሽታ አለመሆኑን በጽሑፍ አድርገሽ ስጪኝ፣ አየዋለሁ አለ። ወረቀትም ስክሪብቶም ሰጠኝ። መጻፍ ለእኔ ምን ችግር አለው ብዬ እዚያው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ወይዘሮ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ እማማ ብቻ ነበር የምላቸው፤ ስማቸውን አላውቀውም ነበር።