ስም ያልተጫረበት ድንጋይ

ታጣቂዎች የያዙኝ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ነው። የጂኦሎጂ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የገደሉን ንጣፎች በደብተሬ ስዬ፣ ውሃ የሰረገበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቼ ነበር። ሰዎቹ ቀስቶቹን የወታደር መንገድ ነው አሉ። ገደሉን ያሳዩኝን አዛውንት ገበሬም አብረው ያዟቸው።

ሐይቅ ከተማ ዳር አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡን። መስኮት የለውም፤ የቀን ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ግድግዳው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ከእኛ በፊት የነበሩት ስማቸውን በምስማር ጭረውበታል። አንዱ ድንጋይ ላይ ብቻ ስም የለም። ቡናማ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። በውስጡ ቄጠማ እንደቆመ ይታያል።

«ልጄ፣ እሱን አትደገፈው» አሉኝ አዛውንቱ። «ቄጠማው ይነቃነቃል።»

«ብርሃኑ ነው አባባ» አልኩ። ግን ፈቀቅ አልኩ።

ፍርሃቴን ለማባረር የተማርኩትን ነገርኳቸው። «ድሮ የሐይቅ ጭቃ ነበር። የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፈነው፤ ከላይ ደግሞ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ተኛበት። ትኩስ ውሃ ከአመዱ ውስጥ ሲሊካ የሚባለውን ማዕድን እያሟሟ ወደ ጭቃው ሰረገ። ቀዳዳውን ሁሉ ሞላው። ቄጠማው ሳይበሰብስ ሲሊካው ቦታውን ወሰደበት። ስለዚህ ምስማር አይጭረውም።»

«እንደቆመ?»

«እንደቆመ።»

«ያ ረቢ! እኔስ ስንት ወር ብቀመጥ ነው እንዲህ የምሆን?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ከግድግዳው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማን። እጄን አስጠጋሁ። ደረቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ አዛውንቱ የጦር ሰፈር እንዳሳዩኝ ይናገራል።

«ፈርምና ወደ ትምህርትህ ሂድ» ብሎኝ ወጣ።

«ፈርም» አሉ አዛውንቱ። «እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ። አብሽር፣ አልቀየምህም።»

ለመናገር አፍራለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ያነበብኩት ጥቂት እውነት እንኳ ባገኝበት ብዬ ነው። እሳቸው የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ያን ጊዜ መስመሩን ሰርዤ ከሥሩ «ያሳዩኝ ድንጋይ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም።

በማግሥቱ እሳቸውን ለቀቋቸው። እኔን ሳምንታት አቆዩኝ።

አሁን ክፍል ውስጥ ስለ ሲሊካ ሲጠየቅ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። እሳቸው ሌላ ክፍል ታስረው ቢሆን ኖሮ ምን እፈርም እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።