የስፒከሩ ሽቦ

ዛሬ ጠዋት ዳባት፣ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተሬን ስከፍተው ጢጥ ጢጥ እያለ ጮኸ። የአጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ትዝ ብሎኝ ደሜ ፈላ።

ያኔ ደባርቅ ተማሪ ነበርኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ደንበኞች ባሉበት እንዲሁ ሲጮህ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሲል ውስጡ ያለው ራም የሚባለው ካርድ ላልቷል ማለት ነው፤ አውጥተን አቧራውን እንጥረገው» አልኩት።

«ሰው ፊት ልታስተምሪኝ ነው?» አለና ሳጥኑን ከፈተው። የጋለ አቧራ ሸተተኝ። የስፒከሩን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠው። ጩኸቱ ቆመ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ።

«ይኸው ተሻለው። አንቺም ዝም በይ» አለኝ፣ ፒንሳውን ወደ አፌ ቀስሮ።

አሁን አለቃዬ ከወዲያኛው ክፍል፣ «ኧረ ያንን ነገር ዝም አሰኚልኝ!» ይላል። ራሙን አውጥቶ መጥረግ የደቂቃ ሥራ ነው። እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

ይጩህ።