የእትዬ ሳፍታ የጓሮ መንገድ

ሰው በርካሽ ተቀበረ ሲባል ደስ አይለኝም፤ ለምን እዋሻለሁ። እንጀራዬ ነው። ከኦልት ወንዝ ወዲህ ባለችው መንደራችን ሰው ሲሞት ከካህኑ ቀጥሎ የምጠራው እኔ ዘኖቪያ ነኝ። የተዝካሩን ንፍሮ ቀቅዬ በስኳር የማሸው፣ የሟቹን ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ። ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ ሳፍታ አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈው «አንቺ፣ ዘንድሮ መሞት ስንት ገባ?» ሲሉኝ ገበያ መጣልኝ ብዬ ነበር። ምን አውቄ!

«እንደ አሟሟቱ ነዋ» አልኳቸው።

«አሟሟቱን ለእግዜር ተይለት። እኔ የጠየቅሁሽ አቀባበሩን ነው።»

እትዬ ሳፍታ ያኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጥርሳቸው አልቆ ምላሳቸው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱ ግን ለአሥር ሰው ይበቃል። ባላቸው ጋሼ ፒርቩ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ጣሊያን አገር ግንበኛ የሆነ አንድ ልጅ፣ ጥቂት ዶሮና አንድ የፕሪም እርሻ ነው። እርሻው ከቤታቸው ጓሮ ተነስቶ መካነ መቃብሩ አጥር ድረስ ይሄዳል። ዛፎቹን አንድ በአንድ የተከሉት ጋሼ ፒርቩ ናቸው፤ ሲሞቱም ለልጃቸው አወረሱት።

ጣጣውን ያመጣው ልጁ ቪርጂል ነው። ደውሎላቸው «እማዬ፣ የፕሪሙን እርሻ ለጋቭሪላ ልሸጠው ነው» አላቸው። ጋቭሪላ የከንቲባው አማች ነው። ዛፎቹን ቆርጦ መኪና ማጠቢያ ልሥራ ብሎ ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። «ገንዘቡን ላንቺ ቀብር አስቀምጠዋለሁ። ማርሽ ባንድ አለ፣ ምርጥ ሳጥን አለ፣ በየመስቀለኛው መንገድ መቆም አለ። አገር ጉድ የሚልለት ቀብር ነው የማደርግልሽ።»

«እኔ እኮ አልሞትኩም ልጄ።»

«ሲደርስ ነዋ እማዬ! እንደ አባዬ አትሆኝም። አባዬን ያዋረዱት ይበቃል።»

የአባቱ ነገር እንዲህ ነው። ጋሼ ፒርቩ ሲቀበሩ መንገድ መሀል የሳጥኑ እጀታ ተነቀለና ሰው ሳቀ። ቪርጂል ያኔ ጣሊያን ውስጥ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው መምጣት አልቻለም፤ የሰማው በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ያድራል፣ ከማንም ጋር አረቄ ሳይቀምስ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

እትዬ ሳፍታ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ ክው አልኩ። «እርሻው ከተሸጠ ልጄ ወደ ምን ይመለሳል? ለእኔ አንድ ቀን ክብር ብሎ እሱ ዕድሜ ልኩን የሰው አገር ሰው ሆኖ ሊቀር ነው» አሉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና «ተነሺ፣ ከተማ እንውረድ። እኔው ራሴ ተከራክሬ እቀበራለሁ» አሉ።

ከተማ ውስጥ ሳጥን የሚሸጠው አቶ ፓንዴሌ ይባላል። ሞት ያልነካው ወፍራም ሰው ነው። እንደገባን ፊቱን ሐዘን አለበሰና «ነፍስ ይማር፤ ማን ነው ሟቹ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉት እትዬ ሳፍታ። «ስንት ነው?»

ሰውየው እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እማማ፣ ሦስት ዓይነት መስተንግዶ አለን» አለ። «ወርቅ፣ ብርና ነሐስ። ወርቁ ዘጠኝ ሺህ ሌይ ነው።»

«ከነሐስ በታች ምን አለ?»

«ከነሐስ በታችማ አፈር ነው እማማ።»

«እሱ ነው እኔን የሚስማማኝ። እሱ ደግሞ በነጻ ነው።»

እንዲህ ነው የጀመሩት። ከዚያ የዋጋውን ዝርዝር ወረቀት ከእጁ ነጥቀው አንድ በአንድ አስነበቡኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል። «መኪና» ስል «ቤቴና መቃብሬ ይተያያሉ፤ መኪናው ምን ሊያደርግልኝ?» አሉ። «ባንድ» ስል «መለከት ሲነፋ ራሴን ያመኛል» አሉ። «አዲስ ሐውልት» ስል «ከባሌ ጎን ስሜ ተጽፎ አይደል እንዴ?» አሉ። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ጋሼ ፒርቩ ገና በደህናው ዘመን ድንጋዩን ሲያስቀርጹ ቁጥሩን አብሮ ማስቀረጽ ወጪ ይቆጥባል ብለው የሁለቱንም የሞት ዓመት «19» ብለው አስጀምረውት ነበር። ሁለቱም ሁለት ሺህን ተሻግረው ቁጭ! «የአበባ ማሰሮ ከፊቱ ታስቀምጪበታለሽ፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?» አሉኝ።

አቶ ፓንዴሌ ተስፋ አልቆረጠም። ቁልፍ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳጥን አሳያቸው።

«ይሄ ይቆለፋል እማማ።»

«ምኔን ሊሰርቁኝ?»

«አይ፣ ለክብር ነው...»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? እኔ ጋ ነው?»

ሰውየው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተጋደመ የጥድ ሳጥን አዩና ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት። ቀጥ ብለው ተኙ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴትዮ በር ከፍታ ገባች፤ እትዬ ሳፍታ ከሳጥኑ ውስጥ «እግሬ ላይ ይጠባል፣ መቶ ሌይ ቀንስ!» ሲሉ ሰምታ እንደገባች ወጣች። አቶ ፓንዴሌ መቶውን ቀነሰ። ሌላ ደንበኛ ሳይሸሽበት እንድንሄድለት ብቻ ነበር የፈለገው።

ሳጥኑን በጋሪ ወደ ቤት አመጣነው። ባዶውን ከሚቀመጥ ብለው አደንጓሬ ሞሉበት። አይጥ አይገባበትም፣ ክዳኑ ይገጥማል። ወጥ ልሥራ ባሉ ቁጥር ከሳጥናቸው ሰፍረው ያወጣሉ።

ትልቁ ወጪ ግን ሱቅ ውስጥ አልነበረም፣ መንገድ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ነፍስ እንድትሻገርበት ጨርቅ ይነጠፋል፣ ካህኑ ይጸልያል፣ ላጀበው ሰው ሁሉ መሐረብና ሻማ ይታደላል። ሁለት መቶ ሰው ካጀበ ሁለት መቶ መሐረብ፣ ያውም ለአንዱ መስቀለኛ። እትዬ ሳፍታ በምርኩዝ እያነከሱ ከቤታቸው እስከ መካነ መቃብሩ በዋናው መንገድ ሄደው ቆጠሩ፤ ሰባት ሆነ። በጓሮ፣ በፕሪሙ እርሻ በኩል ሄደው ቆጠሩ። አንድም የለ።

«አየሽ?» አሉኝ ዓይናቸው እየበራ። «ሊቀብረኝ ብሎ ሊሸጠው ነው፤ ካልሸጠው ግን ቀብሬ በነጻ ነው!»

ነገሩን ይዘው አባ ግሪጎሬ ጋ ሄዱ። አባ በየመስቀለኛው ለሚያደርሱት ጸሎት የሚሰጣቸው ነገር ስላለ የጓሮውን መንገድ አልወደዱትም።

«ክርስቲያን በጓሮ አይወጣም» አሉ። «በጓሮ የሚወጣ ሌባ ነው።»

«አባ፣ እኔ እዚህ ቤት ስገባ በየት የገባሁ ይመስልዎታል?» አሉ እትዬ ሳፍታ። «አባቴ እምቢ ሲል ፒርቩ በዚያው በጓሮ ነው ይዞኝ የመጣው። ያኔ ዛፍ አልነበረም፣ ሳማ ነበር፤ እግሬን ለብልቦ ለብልቦ! ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ልውጣ ነው የምለው። የትኛው መጽሐፍ ነው የሚከለክለኝ?»

የአምስት ሊትር የፕሪም አረቄ ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ሲል አባ የሚከለክል መጽሐፍ እንደሌለ ትዝ አላቸው።

እኔ ግን ኩርፍ አልኩ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ርካሽ መቀበር ከለመደ እኔ ምን ልብላ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ የቁም ተዝካር አለ» አሉኝ። «ንፍሮውም ዳቦውም ያንቺ ነው። ከሞትኩ በኋላ ልጄ ላይ ድግስ እንዳይወድቅ አሁኑኑ፣ ምግቡን ራሴ እየቀመስኩ አበላለሁ። ቪርጂል ውሉን ሊፈርም በሚመጣበት ቀን።» እኔም ወዲያው የንፍሮውን ስንዴ መልቀም ጀመርኩ።

ቪርጂል በመስከረም መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ግቢው በሰው ተጨናንቋል፣ ሻማ በርቷል፣ አባ ግሪጎሬ የእናቱን ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። «እማዬ! ወይኔ እማዬ!» ብሎ እየጮኸ ሲገባ እናቱ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ይጎርሳሉ።

«ደረስክ? ቁጭ በል፣ ይበርዳል» አሉት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ!»

«ተዝካሬ ነዋ። አባ ጸልየዋል፣ አገር በልቷል፣ የሚቀር ነገር የለም። ሳጥኔ ገብቷል። መንገዴ በጓሮ ነው። ለእኔ ብለህ የምትሸጠው ነገር የለህም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይኸው እየበላ ነው፤ ጠይቀው።»

ጋቭሪላ ሁለተኛ ሳህኑን ይዞ ጎንበስ አለ። ቪርጂል ግን ፊቱ ቀላ። «በአባዬ ሬሳ ላይ ሲስቁ አንቺ እዚያው ነበርሽ! ድሃ ስለሆንን ነው የሳቁት። ይሄን አሥራ ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤ ነው የኖርኩት። ያሳፍራል እማዬ!»

እትዬ ሳፍታ ሹካቸውን አስቀመጡ። «መጀመሪያ ማን እንደሳቀ ታውቃለህ?»

«ማን ነው? ንገሪኝ!»

«እኔ ነኝ።»

የጋቭሪላ አፍ እንኳ ማላመጥ አቆመ።

«ያን ሳጥን ማን ሠራው?» አሉ እትዬ ሳፍታ። «አባትህ ነው። ወጪ እንዳላወጣ ብሎ፣ እያሳለው፣ ክረምቱን ሙሉ ሚስማር ሲመታ። አባትህ የሠራው ነገር መቼ ጸንቶ ያውቃል? የዶሮው ቤት ስንቴ ነው የተናደው? ያንተ አልጋ ስንቴ ይዞህ ወደቀ? መንገድ ላይ እጀታው ቀጭ ብሎ ሲነቀል፣ ‹ፒርቩዬ፣ እስከ መጨረሻህ ያው ነህ› አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ስስቅ ሰው ሳቀ። እየሳቅን አነባን። አባትህን እንደዚያ ነው የሸኘነው፣ በፍቅር። አንተ ውርደት ብለህ ተሸከምከው።»

ቪርጂል ዞሮ እኔን አየ። «እውነት ነው?»

«ንፍሮውን ይዤ ከኋላ ነበርኩ፤ በሳቅ ልደፋው ነበር» አልኩት።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ማንም አልነገረኝም» አለ።

«በሦስት ቀን ምን ይነገራል?» አሉት እናቱ፤ ጀርባውን እየዳበሱ። ጋቭሪላ ውሉን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ደግሞ «አንተ እሱን ተወውና ጎመኑን ጨርስ» አሉት። ቪርጂል በዚያ ዓመት አሥራ አምስት ቀን ሰነበተ። ፕሪሙን ለቀመ፣ አረቄውን አወጣ፣ ከሰው ጋር ጠጣ። በሚቀጥለው ዓመት ዕቃውን ጠቅልሎ መጣ።

እትዬ ሳፍታ ከተዝካራቸው በኋላ ሌላ ሁለት ክረምት ኖሩ። «ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ አሁን የምኖረው ትርፍ ነው» ይሉ ነበር። ፕሪሙ ነጭ አበባ ባወጣበት ሳምንት አንድ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አረፉ። አጥቤ አለበስኳቸው፣ አደንጓሬውን ከሳጥኑ በችኮላ ገለበጥኩ፣ ጨርቅ አነጠፍኩና አስተኛኋቸው። እንባዬ እየወረደ ነበርና ደህና አድርጌ አላየሁም።

ቪርጂል ፊት ለፊት ተሸከመ። በጓሮው በር ወጥተን ዛፎቹ መሀል ስንገባ ሳጥኑ ሸክ አለ። ሁላችንም ሰማን። አንድ እርምጃ፣ ሸክ። ሌላ እርምጃ፣ ሸክ ሸክ። ከኋላ የተሸከመው ጋቭሪላ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አባ ግሪጎሬም ጸሎታቸውን አቋረጡ።

«ዘኖቪያ» አለ ቪርጂል ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ። «ምንድን ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አደንጓሬ ነው» አልኩ። «ከጨርቁ ሥር የቀረ አለ መሰለኝ።»

ሁሉም የቪርጂልን ጀርባ ነው የሚያየው። ያ ጀርባ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ «ባንድ አልፈልግም ብላ የራሷን ይዛ መጣች!» አለና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ እኛ ተከተልነው። እየሳቀ መሸከም ስላቃተው ሳጥኑን የረገፈው አበባ ላይ ቀስ አድርገው አወረዱት።

«ልጄ፣ እዚህ እኮ መስቀለኛ የለም» አሉ አባ ግሪጎሬ፤ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው።

«ግድ የለም አባ፤ ትንሽ እንቁም» አለ።

ቆምን። መሐረብ ያደለ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም ዓይናችንን የጠረግነው በእጅጌያችን ነው።